ኡኩሌሌን ያለ አስተማሪ ለሚማር ሰው

ባለፈው ዓመት በመምህራን ማረፊያ ክፍል ተቀምጠን ሳለ አንድ የሥራ ጓደኛዬ፥ «ያቺን ትንሿን ጊታርህን እኔም ልማራት ብል ምን መጽሐፍ ልግዛ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጊታር አይደለችም፤ ኡኩሌሌ ናት። ጥያቄው ግን ተገቢ ስለ ነበረ ልመልስለት ስጀምር ደወል ተደወለና ወደየክፍላችን ገባን። ከዚያ ወዲህ ሁለት ተማሪዎቼና በአንድ መሥሪያ ቤት በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት የሚያገለግል ጎረቤቴ ይህንኑ ጥያቄ ደጋግመው ስላቀረቡልኝ፥ መልሱን በጽሑፍ ማድረግ ይሻላል ብዬ አሰብሁ። እርስዎም አንባቢዬ፥ ከደመወዝዎ ወይም ከኪስ ገንዘብዎ ቆጥበው አንዲት ኡኩሌሌ ለመግዛት አስበው እንደ ሆነ፥ ወይም ገዝተው ከግድግዳ ላይ ሰቅለዋት እንደ ሆነ፥ የምጽፈው ለእርስዎ ነው። እኔ የሙዚቃ ሊቅ አይደለሁም፤ የማስተምረው ጂኦግራፊ ነው። ነገር ግን አንድ ዓመት ሙሉ በከንቱ ስላሳለፍሁ፥ ዓመት በምን በምን እንደሚባክን ከሊቆቹ ይልቅ እኔ ሳላውቅ አልቀርም።

አስቀድመን መሣሪያዪቱ ከወዴት እንደ መጣች እንመልከት። በነሐሴ ወር 1879 እ.ኤ.አ. «ሬቨንስክራግ» የተባለች መርከብ ከፖርቱጋል ግዛት ከማዴራ ደሴት ተነሥታ ሆኖሉሉ ወደብ ደረሰች። ያመጣቻቸውም መንገደኞች በሃዋይ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ላይ ለመሥራት የተዋዋሉ የማዴራ ሰዎች ነበሩ። ከነዚሁ መካከል ማኑዌል ኑኔስ፥ አውጉስቶ ዲያስና ዦዜ ዶ ኤስፒሪቶ ሳንቶ የተባሉ ሦስት የእንጨት ሥራ ባለሙያዎች ይገኙ ነበር። በማዴራ «ማሼቴ» የምትባል ባለ አራት ክር ትንሽ መሣሪያ ስለ ነበረች፥ ሦስቱ ሰዎች ከእርሻው ሥራ ወጥተው በሆኖሉሉ መሣሪያ ሠሪዎች በሆኑ ጊዜ እርሷን የምትመስል መሣሪያ መሥራት ጀመሩ። የኡኩሌሌ ትውልድ ይህ ነው። ንጉሥ ካላካዋ ስለ ወደዷትና በቤተ መንግሥታቸው ግብዣ ላይ እንድትሰማ ስላደረጉ፥ የሃዋይ ሕዝብ እንደ ራሱ ልጅ አድርጎ ተቀበላት። በ1915 እ.ኤ.አ. በሳን ፍራንሲስኮ በተደረገው ትልቅ የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ከታየች በኋላ ደግሞ አሜሪካኖች በብዛት ይገዟት ጀመር። ስሟ ብዙውን ጊዜ «የምትዘል ቁንጫ» ተብሎ ይተረጐማል፤ የተጫዋቹን ጣቶች ዝላይ አይተው ነው ይባላል። ንግሥት ሊሊዑኦካላኒ ግን «ወዲህ የመጣች ስጦታ» የሚለውን ፍቺ ይመርጡ ነበር። ከቁንጫ ጋር ብዙ ሌሊት ያሳለፍን ሰዎች ከንግሥቲቱ ጋር ብንስማማ አይፈረድብንም።

የእኔዋንም ያመጣችልኝ በአሜሪካ የምትኖር አክስቴ ናት። ለበዓል ስትመጣ ከሻንጣዋ አውጥታ፥ «ይኸው፥ ከደብተር ማረም ትንሽ እንድታርፍ» ብላ ሰጠችኝ። በዚያው ማታ በስልኬ ትምህርት መፈለግ ጀመርሁ። የጥፋቴም መጀመሪያ ያ ማታ ነበረ። ዛሬ ትምህርት አጣሁ የሚል ሰው የለም፤ አስተማሪው ፈገግ እያለ ጣቱን የሚያሳይበት ተንቀሳቃሽ ፊልም፥ የታተመ መጽሐፍ፥ በነጻ የሚታደል ወረቀት፥ ሁሉም ሞልቷል። እኔም አንዱን ሳልጨርስ ወደ ሌላው እዘል ነበር። ሰኞ በአንዱ አስተማሪ ዘዴ አውራ ጣቴን አሠለጥናለሁ፤ ረቡዕ ሌላው፥ «አውራ ጣት እንዲህ አይያዝም» ይለኛል፤ ዓርብ ሁለቱንም ትቼ አዲስ ዘፈን እጀምራለሁ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም የሚለውን ተረት በየጊዜው ለተማሪዎቼ እነግራቸዋለሁ፤ እኔ ግን አሥራ አንድ ዛፍ ላይ ነበርሁ። ዓመቱ ሲያልቅ የአሥራ አንድ ዘፈኖችን መጀመሪያ፥ ከእያንዳንዱም ወደ ስምንት የሚሆን የሙዚቃ ቤት፥ አውቅ ነበር። የአንዱንም መጨረሻ አላውቅም።

ይህ ነገር ለብቻዬ በክፍሌ ተደብቆ ቢቀር ባልተጸጸትሁ። ግን በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ በትምህርት ቤታችን ብዙ ዘመን ያገለገሉ አንድ አዛውንት መምህር ጡረታ ወጡ። እኔን ሥራ ያስጀመሩኝ፥ የመጀመሪያውን የትምህርት ዕቅድ አጠገቤ ተቀምጠው ያጻፉኝ እርሳቸው ናቸው። በሽኝታቸው ግብዣ ላይ ጓደኞቼ ኡኩሌሌዋን ከቤት አስመጥተው በግድ አስነሡኝ። ጀመርሁ፤ ስምንተኛው ቤት ላይ ስደርስ ቆምሁ። ያለቀ የመሰለው አንድ ሰው አጨበጨበ፤ ሌላው ያላለቀ መሆኑን ስላወቀ ዝም አለ። አዛውንቱ ኀፍረቴን ሊሸፍኑልኝ ፈልገው፥ «ግድ የለም ልጄ፥ የፈረንጁን ተወውና ትዝታን ትንሽ ንካልን» አሉኝ። ትዝታን ከሕፃንነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ። በኡኩሌሌ ላይ ግን አንዲት ድምፁን እንኳ የት እንደማገኛት አላውቅም ነበር። «አልችልም፥ ጋሼ» ብዬ ተቀመጥሁ። እርሳቸውም በሳምንቱ ወደ ትውልድ አገራቸው ሄዱ።

በማግሥቱ በግቢያችን የሚኖሩትን ክራር ተጫዋች ሽማግሌ ሄጄ አነጋገርኋቸው። ኡኩሌሌዋን ተቀብለው ገለባብጠው አዩዋት፤ በጆሯቸው አስጠግተው እያንዳንዱን ክር ነኩ። ከዚያ፥ «እስቲ የምታውቀውን ምታልኝ» አሉ። መታሁ። «ልጄ፥ ጣትህ ሮጦ ሄዷል፤ ጆሮህ ገና ከቤት አልወጣም» አሉኝ። «ታዲያ ምን ይሻለኛል፥ አባባ?» ብላቸው፥ «ዜማውን በአፍህ በለው። በአፍህ ሳትጨርሰው በጣትህ አትጀምረው» ሲሉ መለሱልኝ። ክራሩን አንሥተው ትዝታን አዜሙ፤ እኔም ተከተልሁ። የዚያን ዕለት ኡኩሌሌዋን አላስነኩኝም።

የክራርን ነገር ልብ ብለው ያስቡት። አምስት ወይም ስድስት ክሮች አሉት፤ በአንድ ቅኝት ላይ እያንዳንዱ ክር የሚሰጠው አንድ ድምፅ ነው። ከአንዱ ቅኝት ወደ ሌላው ለመሄድ ክሩን እንደ ገና መቃኘት ያስፈልጋል። ስለዚህ ተጫዋቹ ያሉትን ጥቂት ድምፆች ጠንቅቆ ያውቃቸዋል፤ የሚፈልጋትን ድምፅ ፍለጋ አንገቷ ላይ አይንከራተትም። ኡኩሌሌ ግን በአንገቷ ላይ አግድም የተደረደሩ ፍሬት የሚባሉ የብረት ዘንጎች ስላሏት፥ በአራት ክር ብዙ ድምፅ ታወጣለች። ሀብቷ ይህ ነው፤ ጀማሪውን የሚያስተውም ይኸው ሀብቷ ነው።

አሁን ወደ ቅኝቷ እንምጣ። መሣሪያዪቱን ታቅፈው ሲይዙ፥ ለአገጭዎ ከሚቀርበው ክር ጀምሮ ወደ ጉልበትዎ ሲወርዱ፥ አራቱ ክሮች ሶል፥ ዶ፥ ሚ፥ ላ ተብለው ይቃኛሉ። ለአገጭ የሚቀርበው አራተኛ ክር፥ ለጉልበት የሚቀርበው አንደኛ ክር ይባላል። ጊታር የሚያውቅ ሰው በዚህ ግራ ይገባዋል። በጊታር ላይ ለአገጭ የሚቀርበው ክር ከሁሉ የወፈረ ድምፅ አለው፤ በተለመደው የኡኩሌሌ ቅኝት ግን አራተኛው ክር ሶል ከዶም ከሚም የቀጠነ ነው፤ ከሁሉ የሚወፍረው ሦስተኛው ዶ ነው። አንዳንዶች ወፍራም ሶል ይተኩበታል፤ ጀማሪ ግን እንደ ተለመደው ቢተወው ጥሩ ነው። ምክንያቱም የኡኩሌሌ ልዩ ውበት ከዚህ ከቀጠነው ሶል ይገኛል። ተከታታይ የሆኑ የዜማ ድምፆችን በአንድ ክር ላይ ከመደርደር ይልቅ በተለያዩ ክሮች ላይ ቢያከፋፍሏቸው፥ አንዱ ድምፅ ሳይጠፋ ሌላው ስለሚደርስበት እንደ ደወል ይያያዛሉ። ዘዴው «ካምፓኔላ» ይባላል፤ ትንሽ ደወል ማለት ነው። ስፔናዊው ጋስፓር ሳንስ በ1674 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጊታር መጽሐፉ በዚህ ዘዴ ተጠቅሟል። በእኛ ዘመን ደግሞ አሜሪካዊው ጆን ኪንግ (1953–2009 እ.ኤ.አ.) ባኽ ለብቸኛ ቫዮሊን የጻፈውን ሦስተኛውን ፓርቲታ በዚህ ዘዴ በኡኩሌሌ ተጫውቶ ብዙ ሰዎችን አስደንቋል።

እኔን ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን ከሽማግሌው ከተመለስሁ በኋላ ያገኘሁት ነው። ሜጀር የሚባለው ትዝታ አምስት ድምፆች አሉት፤ ዶ፥ ሬ፥ ሚ፥ ሶል፥ ላ። እንግዲህ የኡኩሌሌን ባዶ ክሮች ይቍጠሩ፤ ሶል፥ ዶ፥ ሚ፥ ላ። ከአምስቱ አራቱ ምንም ጣት ሳይጫንባቸው ተዘጋጅተው ይጠብቁናል። የጎደለችው ሬ ብቻ ናት፤ እርሷም በሦስተኛው ክር ሁለተኛ ፍሬት ላይ ትገኛለች። ስለዚህ ቅኝቱን ለመውጣት ሦስተኛውን ክር ባዶውን ይንኩ፤ ቀጥሎ በሁለተኛ ፍሬት ተጭነው ይንኩት፤ ከዚያ ሁለተኛውን ክር ባዶ፥ አራተኛውን ባዶ፥ አንደኛውን ባዶ፤ በመጨረሻም አንደኛውን በሦስተኛ ፍሬት ተጭነው ላይኛዋን ዶ ያገኛሉ። ይህን ቀስ ብለው ሲጫወቱ ድምፆቹ እንዴት እንደሚያያዙ ይሰማሉ፤ ሳያውቁትም የካምፓኔላን ዘዴ ጀምረዋል። ሚና ላ በግማሽ ድምፅ ዝቅ የሚሉበት ሌላው ትዝታ ግን እንዲህ አይገኝም፤ ባዶዎቹ ሚና ላ ስለማይገቡበት የግራ እጅ ብዙ ሥራ አለበት። እርሱን ለሁለተኛው ዓመት ያቆዩት።

ወደ ጓደኛዬ ጥያቄ ልመለስ፤ ምን መጽሐፍ ይገዛል? ስሙን ከመናገሬ በፊት መጽሐፍ የሚመረጥበትን ምልክት ልንገርዎ። ለብቻው የሚማር ሰው መጽሐፍ፥ ክሮቹን ሁሉ አንድ ላይ ጠረግ አድርጎ መምታትን ሳይሆን በጣት ነጥሎ መጫወትን የሚያስተምር መሆኑን አስቀድመው ይመልከቱ፤ አብዛኞቹ የኡኩሌሌ መጻሕፍት ለዘፈን አጃቢነት የተዘጋጁ ናቸውና። ሁለተኛ፥ በውስጡ ያሉት ቁርጥራጭ ልምምዶች ብቻ ሳይሆኑ፥ አጭርም ቢሆኑ መጀመሪያና መጨረሻ ያላቸው ዜማዎች ይሁኑ። አንድ ገጽ የማይሞላ ሙሉ ዜማ ከአሥር ገጽ መልመጃ ይበልጣል። ሦስተኛ፥ የቀኝ እጅ ጣቶች በፊደል የተመለከቱ ይሁኑ፤ ከአራተኛውም ይልቅ ይህ ይጠቅማል። አራተኛው ግን ራሱ አያስፈልግም አልልም፤ የዜማዎቹ ድምፅ አብሮ የተቀረጸ ቢሆን ነው።

እነዚህን የሚያሟሉ ከማውቃቸው መጻሕፍት አንዱ የስኮትላንዳዊው የሮብ መኪሎፕ «ሃያ ቀላል የኡኩሌሌ የጣት ጥናቶች» ማለት የሚቻለው ነው። ሌላው ማርክ ካይላና ኔልሰን በጣት የሚጫወቱ የኡኩሌሌ ብቸኛ ዜማዎችን ለማስተማር ያዘጋጀው ነው። የጆን ኪንግ «ክላሲካል ኡኩሌሌ» እጅግ ያማረ ነው፤ ለጀማሪ ግን ተራራ ስለ ሆነ አሁን ከሩቅ ይዩት። ከሁለቱ ፊተኞች አንዱን ይምረጡ፤ አንዱን ብቻ። ያንን ሳይጨርሱ ሌላ አይክፈቱ። መጽሐፍ ለመግዛት የማይችል ሰውም ተስፋ አይቁረጥ። ካርካሲ፥ ሶርና ጁልያኒ የተባሉት የጊታር መምህራን ከሞቱ ከመቶ ዓመት በላይ ስለ ሆነ ሥራቸው የሕዝብ ሀብት ነው፤ ቀላል ጥናቶቻቸውን ለኡኩሌሌ አመቻችተው በነጻ የሚሰጡ ሰዎች ብዙ ናቸው። የስፔኑ አሎንሶ ሙዳራ በ1546 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ያስገባቸው ባለ አራት ክር ጊታር ዜማዎችም፥ የዚያ ጊታር ክሮች እርስ በርስ ያላቸው ርቀት ከኡኩሌሌ ጋር አንድ ስለ ሆነ፥ ብዙ ሳይለወጡ ይጫወታሉ።

በነዚህ መጻሕፍት ውስጥ «ታብላቸር» የሚባል ጽሕፈት ያገኛሉ። አራት መሥመሮች ተሰምረው በላያቸው ቍጥሮች ይጻፋሉ። መሥመሮቹ ክሮቹ ናቸው፤ ቍጥሩ የሚጫኑበት ፍሬት ነው፤ ዜሮ ባዶ ክር ማለት ነው። አንድ ወጥመድ ግን አለበት፤ በወረቀቱ ላይ የላይኛው መሥመር ለጉልበት የሚቀርበው አንደኛው ክር ነው። እኔ ይህን ገልብጬ ሁለት ሳምንት ስጫወት፥ ባኽ እንዲህ ያለ መጥፎ ዜማ እንዴት ጻፈ እያልሁ እገረም ነበር። ታብላቸር ጣት የት እንደሚያርፍ በደንብ ይናገራል፤ ዜማው በአፍ እንዴት እንደሚባል ግን አይናገርም። በቤተ ክርስቲያናችን የዜማ መጽሐፍ ላይ ከቃሉ በላይ የሚጻፉትን ጥቃቅን ምልክቶች ያዩ እንደ ሆነ ነገሩ ይገባዎታል። ምልክቱ ከመምህሩ አፍ ሰምቶ የተማረውን ደቀ መዝሙር ያስታውሰዋል፤ ያልሰማውን ግን አያዜመውም። ስለዚህ ቍጥሮቹን ከመጀመርዎ በፊት የተቀረጸውን ዜማ ሦስት አራት ቀን ይስሙት፤ ውሃ ሲቀዱም፥ ታክሲ ሲጠብቁም በአፍዎ ይበሉት።

የቀኝ እጅን ነገር በአጭሩ ልናገር። አውራ ጣት ለአራተኛው ክር፥ አመልካች ለሦስተኛው፥ መሀል ጣት ለሁለተኛው፥ የቀለበት ጣት ለአንደኛው ይመደባሉ። አንዳንድ መምህራን አውራ ጣትን ለሁለት ክር ያሠሩታል፤ የመጽሐፍዎን ይከተሉ። ማውሮ ጁልያኒ በ1812 እ.ኤ.አ. በቪየና ለቀኝ እጅ ያሳተማቸው 120 የጊታር መልመጃዎች የተሠሩት በሁለት ኮርዶች ላይ ብቻ ነው። ግራ እጅ አርፎ ቀኝ እጅ እንዲማር ብሎ ነው። ይህን ብልሃት በኡኩሌሌ መቅዳት ቀላል ነው። የመጀመሪያው የዶ ኮርድ ሲሆን፥ አንደኛውን ክር በሦስተኛ ፍሬት በቀለበት ጣት መጫን ብቻ ይበቃዋል። ሁለተኛው ባለ ሰባት የሶል ኮርድ ነው፤ ሦስተኛውን ክር በሁለተኛ ፍሬት፥ ሁለተኛውን በአንደኛ፥ አንደኛውን በሁለተኛ ፍሬት ይጫናሉ። በነዚህ ሁለት ላይ አውራ፥ አመልካች፥ መሀል፥ ቀለበት እያሉ ይሂዱ፤ ከዚያ አውራ፥ ቀለበት፥ መሀል፥ አመልካች እያሉ ይመለሱ። አራቱ ድምፆች እኩል እስኪሆኑ ድረስ አይፍጠኑ። የቀለበት ጣት ሰነፍ ነው፤ በየቀኑ ያሳፍርዎታል።

ተንቀሳቃሽ ፊልምን አልጠላም። ጄክ ሺማቡኩሮ በኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ሲጫወት የሚያሳየው ፊልም በ2006 እ.ኤ.አ. በዓለም ሲሠራጭ፥ ኡኩሌሌ የልጆች መጫወቻ ናት የሚሉ ሰዎች ዝም አሉ። ነገር ግን ያ ሰው ከእናቱ መማር የጀመረው በአራት ዓመቱ ነው። የእርሱን ፊልም ለደስታ ይዩት፤ ለትምህርት ግን በመጽሐፍዎ ውስጥ ያለውን ያንኑ ዜማ የሚያሳይ ፊልም ፈልገው፥ ፍጥነቱን በግማሽ ቀንሰው፥ የተጫዋቹን እጅ አቀማመጥ ብቻ ይመልከቱ። ከዚያ ስልኩን ገልብጠው ያስቀምጡት። እንደ መምህርነቴ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፤ በካናዳ ቻልመርስ ዶን የተባለ መምህር ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሃሊፋክስ ትምህርት ቤቶች በኡኩሌሌ አማካይነት ሕፃናትን ኖታ ማንበብ ያስተምር ነበር። ጄምስ ሂል የተባለው ዝነኛ ተጫዋችም በዚያ ዘዴ ካደጉት አንዱ ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ርካሽ መሣሪያ ይዘው ተቀምጠው እርስ በርስ የተሰማሙ ልጆች ሳስብ፥ ብቻዬን ያሳለፍሁት ዓመት ይበልጥ ይቆጨኛል። ከተቻለዎት አንድ ጓደኛ ያግኙ፤ ከእርስዎ የተሻለ መሆን የለበትም።

መሣሪያ ለመግዛት ሲሄዱ ቀለሟን አይመልከቱ። አንድ ክር ባዶውን ይንኩ፥ ቀጥሎም በአሥራ ሁለተኛው ፍሬት ተጭነው ይንኩት፤ ያው ድምፅ በስምንት ድምፅ ከፍታ መሰማት አለበት። ከተዛባ ሻጩ ምን ቢምል ይተዋት። አዲስ ክር ለብዙ ቀናት ስለሚሳብ ቅኝቱን ይለቃል፤ ብዙ ጀማሪ ተበላሸች ብሎ የሚያዝነው በዚህ ጊዜ ነው። መቃኛ በስልክ ላይ በነጻ ይገኛል፤ ከመጫወትዎ በፊት ሁልጊዜ ይቃኙ፤ ባልተቃኘ መሣሪያ የሚለማመድ ሰው ጆሮውን ያበላሻል።

ስለ ጊዜም እንዲሁ። እኔ አሁን የማታ ሃያ ደቂቃ ብቻ እሰጣታለሁ። አምስቱ ለቀኝ እጅ፥ አሥሩ ለያዝሁት ዜማ፥ አምስቱ ቀድሞ ለጨረስሁት ነው። ዜማውን የምጀምረውም ከመጨረሻው ቤት ነው፤ መጨረሻውን አውቄ ወደ ኋላ እሄዳለሁ። ይህን ያስተማረኝ መጽሐፍ ሳይሆን የዚያ ግብዣ ጭብጨባ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በስልኬ ራሴን ቀርጬ አዳምጣለሁ። የመጀመሪያውን ቀረጻ የሰማሁ ዕለት፥ ስጫወት ትክክል የመሰለኝ ምት እንደ አንካሳ በቅሎ ሲያነክስ ሰምቼ ሁለት ቀን መሣሪያዋን አልነካሁም። ግን ከሃያ ፊልም ያላገኘሁትን እውነት ያ ቀረጻ ነገረኝ። ቀረጻዎቹን አይደምስሷቸው፤ ከስድስት ወር በኋላ ይፈልጓቸዋል።

ሽማግሌው ጎረቤቴ አሁንም አልፎ አልፎ ይሰሙኛል። ባለፈው እሑድ ትዝታን ከዳር እስከ ዳር ተጫወትሁላቸው። ሲያልቅ፥ «ጆሮህ መጣ፤ ግን ገና ደጃፍ ላይ ነው» አሉኝ። በክረምቱ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወደ ጡረተኛው መምህሬ አገር በአውቶቡስ እሄዳለሁ፤ መንገዱ አንድ ሙሉ ቀን ይፈጃል። መምጣቴን በስልክ ነግሬያቸዋለሁ፤ ኡኩሌሌዋን ይዤ እንደምመጣ ግን አልነገርኋቸውም።